የሰው የህይወት ታሪክ እየፃፍኩ የራሴ ኪስ ለምን ባዶ ሆነ?

ስሜ የለበትም፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ስራዬ የሰው መፅሀፍ መፃፍ ነው። ጎስት ራይተር ሚሉት ነገር። እኛ ጋ ስሙም በደንብ አልወጣለትም፣ ሽፋኑ ላይ ሚወጣው ባለታሪኩ ነው፣ እኔ በጣም ከተከበርኩ ውስጥ ገፅ ላይ "አርታኢ" እባላለሁ፣ ካልተከበርኩ ደሞ ምስጋናው ላይ ከሾፌራቸው ቀጥሎ እገባለሁ። እስካሁን ሁለት ጨርሻለሁ፣ አንዱ ጡረታ የወጡ መኮንን ናቸው፣ አንዱ ከመርካቶ ጉልት ተነስቶ ፋብሪካ የከፈተ ነጋዴ። ሁለቱም ታትመዋል፣ ተመርቀዋል፣ የመኮንኑ ባለቤት በምረቃው ቀን ሲነበብላቸው አልቅሰዋል፣ ስለዚህ መፃፉ ላይ ብዙም ምታማ አይመስለኝም።

ጨጓራዬን የላጠው ሶስተኛው ነው። አንድ ጋሼ፣ ድሮ ትልቅ መስሪያ ቤት የሰሩ፣ ቤታቸው ጠርተውኝ ቡና እየጠጣን በ90 ሺ ብር ተስማማን። 30 መጀመሪያ፣ 30 መሀል ላይ፣ 30 ሲያልቅ። ወረቀት የለም። አባቴ የሚሆኑ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ነው ውል ምናምን ምለው? ደሞ በሄድኩ ቁጥር ምሳ ሳልበላ አይለቁኝም። 38 ሰአት ድምፅ ቀዳሁ፣ ሁሉንም ቁጭ ብዬ በጄ ገለበጥኩት፣ ምክንያቱም ድምፅ ወደ ፅሁፍ ሚቀይሩት አፖች አማርኛ ላይ ያሾፋሉ፣ ጋሼ ደሞ አንድ አረፍተ ነገር በንጉሱ ጊዜ ጀምረው በደርግ ጊዜ ነው ሚጨርሱት። 220 ገፅ ወጣው። ሰኔ ላይ አስረከብኩ፣ ጋሼ ደስ አላቸው፣ ግንባሬን ሳሙኝ።

ከዛ ልጃቸው ከውጭ መጣች። አነበበችና "አባባ የታሰሩበት ይውጣ" አለች። አወጣሁ። ወንድሟ ደሞ "የኔ ሰርግ ለምን የለም" አለ። ከተትኩ። ቀጥሎ ጋሼ ራሳቸው "የታሰርኩበት ካልገባ መፅሀፉ ምኑ መፅሀፍ ነው" ብለው መለሱት። አሁን አራተኛ ዙር ላይ ነኝ፣ ከጀመርኩ 13 ወር ሆነኝ፣ የመጨረሻዋን 30 ሺ ስጠይቅ "ወረቀት ተወዶ ማተሚያ ቤቱ የጠየቀን ብር ሌላ ነው፣ ትንሽ ታገሰን" አሉኝ። የማተሚያው ዋጋ ከኔ ጋር ምን አገናኘው?

ጓደኞቼ "እንግሊዝኛህን አሳድግና ኦንላይን ለፈረንጅ ስራ" ይሉኛል። ሌላው "ዋጋህን እጥፍ አድርግ" ይለኛል። እኔ ግን እጥፍ ባደርገውም ያው እጥፍ ሆኖ ሚቀርብኝ ነው ሚመስለኝ። በዚህ ስራ ደህና ሚያገኙ ሰዎች ካላችሁ ምንድነው ምታውቁት እኔ ማላውቀው?

———

ራፖር ፀሀፊው፦

ወንድሜ በመጀመሪያ አይዞህ። ሁለተኛ፣ እስኪ ካልኩሌተር አምጣ።

38 ሰአት ቁጭ ብለህ ሰማህ። አንድ ሰአት ድምፅ መገልበጥ አምስት ሰአት ይበላል (ሰርቼዋለሁ፣ ፈጣን ነኝ ለሚለኝ ሰው ሳቄ ነው ሚመጣው)፣ ስለዚህ 190። 220 ገፅ፣ ገፁን በሁለት ሰአት ብትፅፈው 440። አራት ዙር እርማት፣ ዙሩን 40 ሰአት በለው፣ 160። መንገድ፣ ታክሲ ጥበቃ፣ "ጋሼ ተኝተዋል ነገ ና" ምናምን 60 እንበል። ድምሩ 888 ሰአት። እስካሁን የገባልህ 60 ሺ ነው፣ ለሰአት 67 ብር ከምናምን ሳንቲም። በቀን ስምንት ሰአት ብትሰራ 540 ብር መሆኑ ነው። እኛ ሰፈር ግንብ ሚሰራው ሰውዬ በዚህ ዋጋ ስልክም አያነሳልህም።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አንተ "መፅሀፍ" ሸጥክ። የሰራኸው ግን አምስት ስራ ነው፤ መጠየቅ፣ መገልበጥ፣ መፃፍ፣ ማረም፣ ቤተሰብ ማስታረቅ። የመጨረሻው እንደውም በጣም ውድ ነበር፣ ሽማግሌ እንኳን ሲጠራ ይበላል ይጠጣል።

ስሜን ለምን ራፖር ፀሀፊው እንዳልኩ ልንገርህ። ልጅ እያለሁ አጎቴ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ በታይፕ ማመልከቻ ይፅፍ ነበር፣ ራፖር ፀሀፊ ሚባለው እሱ ነው። እሱም እኮ የሰው ታሪክ ነው ሚፅፈው፣ ስሙም አይወጣበትም። ባለጉዳይ ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ከአያቱ ጀምሮ ይነግረዋል፣ አጎቴ ዝም ብሎ ይሰማና "ስንት ገፅ ይሁንልዎ?" ይላል። በገፅ ነው ዋጋው። አንድ ገፅ ከተፃፈ በኋላ "ይሄ ይጨመርልኝ" ካሉት "ሌላ ወረቀት ነው ጌታዬ፣ የሌላ ወረቀት ሂሳብ ነው"፣ በትህትና፣ ሳይቆጣ። ወረቀቱን ከታይፑ ላይ ነቅሎ የሚሰጠው ደሞ ብሩን ከተቀበለ በኋላ ነው። ዲግሪ አልነበረውም፣ ግን እኔና አንተ ማናውቀውን ሁሉ ያውቅ ነበር።

———

ዝም ብዬ አንባቢ፦

እኔ ደሞ ይሄ ነገር ራሱ አይገባኝም። ያልፃፈው ሰው "ደራሲ" ተብሎ ቆሞ ሲፈርም ማታለል አይደለም? አንባቢውስ? እናንተ ስለ ብሩ ብቻ ነው ምታወሩት።

———

ራፖር ፀሀፊው፦

@ዝም ብዬ አንባቢ ልብ ወለድ ሰው አፅፎ የኔ ነው ቢል አብረን እንሰድበዋለን። የህይወት ታሪክ ግን ታሪኩ የሰውየው ነው፣ እጁ ነው የኛ። ነገስታቱም ፀሀፌ ትእዛዝ ነበራቸው፣ ደብዳቤው በማን ማህተም እንደወጣ ታውቃለህ። ይሄን ሌላ ቀን በራሱ ርእስ እንከራከርበት፣ ልጁ 30 ሺ ብር ቀርቶበት ነው የመጣው።

———

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

እኔ አሜሪካ ነው ምሰራው፣ ደንበኞቼ ግን ያው የኛው ሰዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ በሰባዎቹ በሱዳን በኩል በእግር የወጡ፣ አሁን አያት የሆኑ። መፅሀፉን ሚፈልጉት ለሽያጭ አይደለም፣ ለልጅ ልጆቻቸው ነው፣ 40 ኮፒ አሳትመው ለቤተሰብ ያድላሉ። እና ወንድሜ የፃፍከውን ሳነብ የመጀመሪያ አመቴን ነው ያየሁት። እኔም ከአንድ እናት ጋር ስምንት ወር ሰርቼ ክፍያዬ አንድ ድፎ ዳቦና ምርቃት የሆነበት ጊዜ አለ። ምርቃቱ ደርሶኛል አልዋሽም፣ ግን ኪራይ አይከፍልም።

አሁን እንዴት እንደምሰራ ልንገርህ፣ ከሚጠቅምህ ውሰድ።

መፅሀፍ አልሸጥም መጀመሪያ። አንድ ምእራፍ ነው ምሸጠው። ሶስት ሰአት አወራቸዋለሁ፣ አንድ ምእራፍ ፅፌ እሰጣለሁ፣ ለዛ ብቻ ሂሳብ አለው፣ ድምፅ ሳልከፍት በፊት በዜል (እዚህ አሜሪካ ብር በስልክ መላኪያ) ይገባል። ከዛ ቢቀጥሉም ባይቀጥሉም ምእራፉ የነሱ ነው። ይሄ ሁለት ነገር ያደርግልኛል፤ አንደኛ ከፋይ ሰው መሆን አለመሆናቸውን አውቃለሁ (300 ዶላር ለመክፈል ሶስት ወር ሚያጉላላ ሰው ትልቁን አይከፍልም)፣ ሁለተኛ ድምፃቸውን ይዤው እንደሆነ እነሱም ያውቃሉ። ብዙ ሰው እኮ ወረቀት ላይ ራሱን ሲያነብ ይደነግጣል፣ "እኔ እንዲህ ነው ማወራው?" ይላል፣ እዛ ድንጋጤ ላይ በ300ኛው ገፅ ከምትደርስ በ10ኛው ብትደርስ ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር፣ እዚህ ጋ ነው አንተን ያቃጠለህ፣ የመጨረሻ ቃል ያለው ሰው አንድ ነው ሚሆነው። ከመጀመርያው ቀን እጠይቃለሁ፦ "እማማ፣ ልጆችዎ ካልተስማሙ የማንን ነው ምሰማው?" ይስቃሉ፣ "የኔን ነዋ!" ይላሉ፣ እኔም እፅፈዋለሁ። ልጆቹ ሀሳብ ካላቸው ለእናታቸው ይንገሩ፣ እናትየው ሰብስበው አንድ ጊዜ ይሰጡኛል። ሁለት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ ነው፣ ሶስተኛው በሰአት ይታሰባል። ብታምኑም ባታምኑም ይሄን ከፃፍኩ ጀምሮ ሶስተኛ ዙር ጠይቆኝ ሚያውቅ ሰው ሁለት ብቻ ነው። ሰው ነፃ የሆነውን ነገር ነው ሚጨርሰው።

ሶስተኛ፣ መገልበጡን ለብቻው አውጥቼ በድምፅ ሰአት አስከፍላለሁ። አንዳንዴ ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ፣ አዲስ አበባ ያለች ጎበዝ ልጅ አለችኝ፣ እሷም ትበላለች እኔም ወገቤ ያርፋል። እንግሊዝኛ ትርጉም ሲፈልጉ ደሞ (የልጅ ልጆች አማርኛ አያነቡማ) ሌላ ስራ ነው፣ ሌላ ዋጋ። ድሮ ግን "እግረ መንገድሽን እንግሊዝኛውንም" ሲሉኝ እሺ እል ነበር። እግረ መንገድ!

ስለ ይሉኝታው እኔ ማልስማማበት ነገር አለ። ሰው "ደፋር ሁን፣ ብርህን በግድ ጠይቅ" ይልሃል። እኔ ደፋር አይደለሁም፣ አሁንም ብር ስጠይቅ ፊቴ ይቀላል። ለዛ ነው ወረቀት ያስፈለገኝ። ወረቀቱ ካለ እኔ ልጃቸው ሆኜ ቡና እጠጣለሁ፣ ብሩን ሚጠይቀው እሱ ነው። ምእራፍ አምስት ሲያልቅ ኢንቮይሱ በኢሜይል ይሄዳል፣ እኔ ስለ ብር አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

———

ቀለሙ ደረቅ፦

የሲልቨር ስፕሪንጓ ያለችውን ሁሉ እደግፋለሁ፣ ግን እዚህ ሀገር አንድ ምእራፍ ለብቻ ክፈሉኝ ስትል "አላመንከንም ማለት ነው?" ሚልህ ሰው ይበዛል፣ እኔ ጋ ሁለቴ ሰርቷል ሶስቴ አልሰራም። ያልሰራባቸውን ሶስቱን ግን ስላልወሰድኳቸው ፈጣሪን አመሰግናለሁ፣ አንዱን ሌላ ፀሀፊ ወስዶት እስከዛሬ ይለምናል።

እኔ ሁለት ጥፋቴን ልናገር፣ ከኔ ተማሩ።

አንደኛው ፐርሰንት ነው። አንድ ባለሀብት "ብር አሁን አልሰጥህም፣ ከሽያጩ 30 በመቶ ውሰድ፣ ሚሊየነር ትሆናለህ" አለኝ። እኔም ጅሉ ተስማማሁ። የህይወት ታሪክ መፅሀፍ ደሞ እዚህ ሀገር ዋናው ብሩ ያለው ሱቅ ላይ ሳይሆን ምረቃው ላይ ነው፣ ወዳጅ ዘመዱ፣ ነጋዴ ጓደኞቹ መጥተው አንዱ 50 ኮፒ ሌላው 100 ኮፒ ይገዛል፣ ሽፋኑ ላይ ካለው ዋጋ በላይ ሚከፍልም አለ። ያን ቀን ስንት ብር እንደገባ ማን ቆጠረ? የሰውየው ወንድም በጥቁር ቦርሳ ሰብስቦ ሄደ። ለኔ "ከመፅሀፍ መደብሮች የተሸጠው" ተብሎ የ63 ኮፒ ሂሳብ ደረሰኝ። ፐርሰንት መውሰድ ካለብህ ደረሰኙን አንተ ምታየው ቦታ ላይ ይሁን፣ ወይም ከታተመው ኮፒ ብዛት ይቆጠር እንጂ ከተሸጠው አይሁን። ማተሚያ ቤቱ ስንት እንዳተመ ይታወቃል፣ ስንት እንደተሸጠ ሚያውቀው ቦርሳው ነው።

ሁለተኛው ብሩ ራሱ ነው። ጥር 2016 ላይ ውጭ ሀገር ካለ ሰው ጋር በ171 ሺ ብር ተዋዋልኩ፣ በጊዜው በባንክ 3 ሺ ዶላር መሆኑ ነው፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ተንሳፈፈ፣ ማለትም ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሰውየው የቀረውን ክፍያ በብር አስልቶ ሲልክልኝ ለሱ በግማሽ ገደማ ወርዶለታል፣ ለኔ ደሞ ዘይቱም ኪራዩም ወደላይ። ውሉ ብር ስለሚል ምንም ማለት አልቻልኩም። ሰውየው አላጭበረበረኝም፣ እኔ ነኝ ያላሰብኩት። አሁን ከፋዩ ውጭ ከሆነ በዶላር ነው ምፅፈው፣ ሀገር ውስጥ ከሆነ ደሞ "ስራው በደንበኛው ምክንያት ከስድስት ወር ካለፈ ቀሪው ዋጋ እንደገና ይታያል" ሚል አንድ መስመር አለኝ።

ስራ ማግኘቱን ማንም አላነሳውም። እኛ ስራ ሚመጣልን በአፍ ነው፣ ግን አፉ የት ነው ያለው? ለኔ ብዙ ያመጣልኝ የቀብር የህይወት ታሪክ ነው። ታውቃላችሁ፣ ሰው ሲሞት ሌሊቱን አንድ ሰው ተፈልጎ "አንተ ብእር ትይዛለህ" ይባልና ሁለት ገፅ ይፃፋል፣ ቀብር ላይ ይነበባል። ለጎረቤት በነፃ ነው ምፅፈው፣ ደግሞም ነው። ግን በደንብ ተፅፎ ሲነበብ "ይሄን ማነው የፃፈው?" ሚል ሰው አይጠፋም፣ ከወራት በኋላ ለሙት አመቱ መፅሄት ይደወላል፣ ከዛ "አባቴ በህይወት እያሉ ለምን አናፅፍም" ሚል ይመጣል። ለቅሶ ቤት ቢዝነስ ካርድ አውጣ አላልኩም፣ እንዳትወገር። ስራህን ብቻ በደንብ ስራ፣ ማን እንደፃፈው ሚጠይቅ ሰው ራሱ ይመጣል።

———

ህግ ቢጤ፦

ሰላም። የህግ ሰው ነኝ፣ በዚህ ጉዳይ ሁለት ሦስት ሰው አማክሬ ስለማውቅ ጣልቃ ልግባ። ምክር እንጂ ጥብቅና አይደለም፣ ለራሳችሁ ጉዳይ ጠበቃ አናግሩ።

ስሜ የለበትም፣ በመጀመሪያ ባዶ እጅህን አይደለህም። በቃል የተደረገ ውልም ውል ነው፣ ችግሩ ማስረጃው ነው። 60 ሺው በባንክ ወይ በቴሌብር ገብቶልህ ከሆነ፣ መልእክት ተለዋውጣችሁ ከሆነ፣ የተቀዳው ድምፅ ካለህ፣ ይሄ ሁሉ ይናገራል። ምንም እንዳታጠፋ።

ለወደፊቱ ግን አንድ ሰው የማያስተውለው ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ክፍያ "ቀብድ" ብላችሁ አትፃፉ። በአፋችን ሁሉንም ቀብድ እንላለን፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ቀብድ የራሱ ትርጉም አለው፣ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 እዩት። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ማለትም 30 ሺ "ቀብድ" ተቀብለህ መሀል ላይ ታመህ ወይ ተማረህ ብትተወው 60 ሺ መልስ ልትባል ትችላለህ። "ለመጀመሪያው ምዕራፍ ሥራ የተከፈለ ክፍያ" ብለህ ፃፈው፣ ለተሰራ ስራ የተከፈለ ብር ሌላ ነገር ነው።

ውሉን ሁለታችሁ ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ቁጥር 1727 በጽሑፍ እንዲሆኑ ግዴታ ስላለባቸው ውሎች ነው ሁለት ምስክር የሚለው፣ ያንተ ስራ እዛ ውስጥ ባይገባ እንኳ ምስክር ጎድቶ አያውቅም። እዚህ ያለው ጥቅሙ ደግሞ ህግ ብቻ አይደለም፣ ከምስክሮቹ አንዷ ያቺ ከውጭ የመጣችው ልጅ ብትሆን ኖሮ ስለ ሁለት ዙር እርማት አልሰማሁም አትልም ነበር።

የቅጂ መብቱን በተመለከተ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 "የሥራ አመንጪ" የሚለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ነው። ታሪኩ የጋሼ፣ አጻጻፉ ያንተ ሲሆን ውል ከሌለ ማን ምን እንደያዘ ረጅም ክርክር ነው። ስለዚህ መብቱ ለደንበኛው የሚተላለፈው የመጨረሻው ክፍያ ሲጠናቀቅ ነው የሚል አንቀጽ ያስፈልግሃል። በጽሑፍ። ደንበኛውም አይጠላውም፣ መብቱ የራሱ መሆኑ የተፃፈበት ወረቀት እሱም ይፈልጋል።

ሌላው ስም ማጥፋት ነው። የቀድሞ ባለስልጣናትና መኮንኖች ሲያወሩ ሰው ይነካካሉ። በመጽሐፉ ለተባለው ነገር ኃላፊነቱ የባለታሪኩ ነው ብላችሁ ተስማሙ፣ ይሄ ግን በእናንተ በሁለታችሁ መሀል ነው የሚሰራው፣ የተነካው ሰው አንተንም ከመክሰስ አያግደውም። ስለዚህ በጣም የሚያስፈራህን አረፍተ ነገር መጀመሪያውኑ አትፃፈው።

እና ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አውጡ እባካችሁ። አንድ የማውቀው ፀሐፊ በ2014 ለአንድ ድርጅት የምስረታ በአል መጽሔት ፅፎ፣ ቲን ስላልነበረው 30 በመቶውን ቆርጠው ነው የከፈሉት፣ በጊዜው የገቢ ግብር አዋጁ 979/2008 እንደዛ ይል ስለነበር ድርጅቱ ላይ መፍረድ አይቻልም። ድርጅቶች ከግለሰብ የተሻለ ይከፍላሉ፣ ግን ደረሰኝና ቲን የሌለውን ሰው ፋይናንሱ ራሱ ያባርረዋል።

———

የጋሼ ልጅ፦

የስሜ የለበትም ጋሼ ልጅ አይደለሁም፣ አትደንግጡ ሃሃ። ግን እኔም ለአባቴ መፅሀፍ ያስፃፍኩ ነኝ፣ ከወዲያ በኩል ያለውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እኛ ሁለት ፀሀፊ ነበር ያናገርነው። አንዱ በጣም ርካሽ ነበር፣ "ችግር የለም፣ እንስማማለን፣ እናንተ ምትሉትን" እያለ አባቴን ሲያሞግስ ዋለ። ሁለተኛዋ ከሱ ሁለት እጥፍ ነው የጠየቀችው፣ ስትመጣም ሙገሳ የለ ምን የለ፣ ጥያቄ ነው ያመጣችው። ለማን ነው መፅሀፉ? ለሽያጭ ነው ለቤተሰብ? ማይነገር ነገር አለ? ፎቶዎቹ የት ናቸው? አባታችሁ በቀን ስንት ሰአት ማውራት ይችላሉ፣ ጠዋት ነው ማታ ሚሻላቸው? ከዛ ሁለት ገፅ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ርካሹ ነው ያስፈራን። ምን እንደምንገዛ አናውቅም ነበር፣ እሷ ግን አሳወቀችን።

ደሞ ስሜ የለበትም ላይ የደረሰውን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ፣ ምክንያቱም እኛም እኮ ባትነግረን እንደዛ ነበር ምንሆነው። ቤተሰብ ክፉ ሆኖ አይደለም። እርማት ገደብ እንዳለው አናውቅም፣ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ቶሎ ሚቀየር ነው ሚመስለን፣ ብር ደሞ መፅሀፉን በእጃችን ስንይዝ እንጂ ፋይል ስናይ የከፈልን አይመስለንም። ማተሚያ ቤት ዋጋ ሲነግረን ደርቀን ነው የቀረነው፣ እና አዎ፣ ሚቀነሰው ከማን ነው ሲባል መጀመሪያ አይናችን ያረፈው ፀሀፊዋ ላይ ነበር። ውሉ ላይ "የህትመት ወጪ ከዚህ ክፍያ ጋር አይገናኝም" ሚል ስለነበር ነው ዝም ያልነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ከፅሁፉ እኩል ደስ ብሎን የከፈልንበት ሌላ ነበር። ፎቶዎቹን እስካን አድርጋ ከስር ማን ማን እንደሆነ አባቴን ጠይቃ ፃፈችልን፣ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መፃህፍቱ) ሄዳ አይኤስቢኤኑን፣ የመፅሀፉን መለያ ቁጥር ማለት ነው፣ አወጣችልን፣ ከሶስት ማተሚያ ቤት ዋጋ ሰብስባ አመጣችልን። ለዛ ለብቻው ነው የከፈልናት፣ ውድ ነው ብለን አላሰብንም፣ ምክንያቱም እኛ ከየት እንደሚጀመር እንኳን አናውቅም። ፀሀፊዎች ይሄን "እግረ መንገዴን" ብላችሁ በነፃ ምትሰሩት ከሆነ እኛ ልንከፍልበት ዝግጁ የነበርንበትን ነገር ነው ምትሰጡን።

———

ስሜ የለበትም፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ራፖር ፀሀፊው ያልከው 888 ሰአት ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ፣ ለባለቤቴ ነገርኳት፣ "እኔ ድሮም ነግሬሃለሁ" ብላ ተኛች።

ለቀጣዩ ስራ (አንድ የእድር ሊቀመንበር ደውለውልኛል፣ የእድሩን 50ኛ አመት መፅሄት) ሁለት ገፅ ወረቀት እያዘጋጀሁ ነው። ቀብድ ሚለውን አውጥቻለሁ። መገልበጥ ለብቻው፣ እርማት ሁለት ዙር፣ የመጨረሻ ቃል የሊቀመንበሩ ብቻ። የሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ፣ አንድ ምእራፍ መጀመሪያ ያልሽውን እድር ላይ እንዴት አድርጌ እንደማመጣው ገና እያሰብኩ ነው፣ ምናልባት የመስራቾቹን ታሪክ ለብቻው።

የጋሼው ግን እጄ ላይ ነው። ለድሮ ስራ አሁን ወረቀት አምጡ ማለት ይከብደኛል። እንዴት ነው ምጀምረው?

———

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

አታምጣ። ለጋሼ ሳይሆን ለልጅቷ አጭር መልእክት ፃፍላት፣ የተቆጣ ድምፅ እንዳይኖረው። እስካሁን የተሰራውን ቁጠርላት፣ 38 ሰአት ቅጂ፣ 220 ገፅ፣ አራት ዙር፣ ብለህ። አራተኛው የመጨረሻው እንደሆነና ማክሰኞ እንደምትልክ፣ ቀሪው 30 ሺ ሲገባ የመጨረሻው ፋይልና የአባቷ ድምፅ ሙሉ ቅጂ እንደሚሰጣት። ድምፁን አትርሳ። ውጭ ያለ ልጅ የአባቱን 38 ሰአት ድምፅ ምን ያህል እንደሚፈልገው አታውቅም፣ ጋሼም በእድሜ ገፍተዋል።

———

ራፖር ፀሀፊው፦

ማስፈራሪያ እንዳይመስል ብቻ። "ካልከፈላችሁ ድምፁን አልሰጥም" ሳይሆን "ሁሉንም አንድ ላይ አደራጅቼ አስረክባለሁ" በላት። አጎቴም ወረቀቱን አልሰጥም ብሎ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ታይፑ ላይ ይተወው ነበር።

———

ስሜ የለበትም፦

ላክሁላት ዛሬ ጠዋት። በሰአት ውስጥ መለሰች፣ የድምፁን ነገር ጭራሽ አታውቅም ነበር፣ "ሙሉው አለህ? ስለ እማዬ ያወራበትም?" አለችኝ። አለ፣ ሁለት ሰአት ሙሉ ስለ እናቷ ነው ያወሩት። 15 ሺ ወዲያው በቴሌብር አስገባች፣ ቀሪውን ሳምንት አለች። ከዛ ደሞ "እስከዛ ዎርዱን ላክልኝ፣ ትንሽ ማስተካክለው ነገር አለኝ" አለችኝ።

ምን ልበላት?

———

ራፖር ፀሀፊው፦

ፒዲኤፉን ላክላት።